የመደብ ሂሳብ፦ ከኮልፌ ማዕድ የሚነበብ የአዲስ አበባ ታሪክ

የአንድ ከተማ ታሪክ በዜና መዋዕልና በአደባባይ ሐውልት ብቻ አይጻፍም። ከጓዳው፣ ከመሶቡና ከጉሊቱም ይነበባል። ጥቂት ገንዘብ በእጁ የያዘ ሰው በትልቅ ከተማ ውስጥ ቤተሰቡን እንዴት በሚገባ መግቦ እንደሚያሳድር መመርመር የዚያን ከተማ የኑሮ ሥርዓት ከሥሩ መመርመር ነው። ለዚህም በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚገኘው ኮልፌ ቀራኒዮ ጥሩ መነሻ ይሆናል። አካባቢው በምሥራቅ በኩል ከመርካቶ ሠፈሮች ጋር ይጎራበታል፤ በሌላ በኩል በአየር ጤና አድርጎ ወደ ጅማ የሚያወጣውን መንገድ ይዟል። ስለዚህ ከገጠር ለሚመጣው እህል፣ ቆጮና አትክልት አንዱ የመግቢያ በር ሲሆን፣ በመርካቶ ተሸክሞና ቸርችሮ የሚውለው ሠራተኛም ማታ የሚገባበት ሠፈር ነው።

በአማርኛ «መደብ» የሚለው ቃል በማዕድ ዙሪያ ሁለት ነገር ይገልጻል። ጉሊት ላይ የተቀመጠችው ሴት ሽንኩርቱን፣ ድንቹንና ቲማቲሙን በሚዛን ሳይሆን ጥቂት ጥቂቱን ከምራ በመደብ ትሸጣለች። በበዓል ቀን ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ሲያርዱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ባለ ድርሻ እኩል የሚከመረው የቅርጫ ሥጋ እንዲሁ መደብ ይባላል። የፊተኛው መደብ ድሃው ለብቻው ሲገዛ የሚደርሰው ነው፤ የኋለኛው ከሌላው ጋር ሲተባበር የሚደርሰው ነው። የአዲስ አበባ ዝቅተኛ ነዋሪ የምግብ ታሪክ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ለመሻገር የተደረገ የማያቋርጥ ጥረት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከረኃብ ጋር ተጎራብታ ነው የተወለደችው። ወዲያው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሚያስታውሰው ዘመን አገሪቱን መታት። በዚያ ዘመን የመናገሻይቱ ትልቅ ማዕድ የቤተ መንግሥቱ ግብር ነበር። ግብሩ ብዙ ሺህ ሰው ያበላ ነበር፤ ሆኖም የሚበላው በማዕረግ ተራ ነው። መኳንንቱ ቀድሞ ይቀመጣል፤ ወታደሩ ተከትሎ ይገባል። ዕንጨት ለቅሞ፣ ውኃ ቀድቶ፣ ሸክም ተሸክሞ ከተማይቱን ያቆመው ሰው ግን የራሱን ማዕድ ራሱ መፈለግ ነበረበት።

ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል ከጉራጌ አገር የመጡት ብዙ ነበሩ። አገራቸው በምኒልክ መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ ለግብር የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ማግኘት ግድ ስለ ሆነባቸው ወደ አዲሲቱ ከተማ ጎረፉ። ከእነርሱም ጋር የእንሰት ምግብ ገባ። ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ፣ በጉድጓድ ውስጥ ታምቆና ተብላልቶ ለወራት የሚቆይ በመሆኑ፣ የእህል ዋጋ በሚወጣበት ክረምት ለድሃው ቤት መጠባበቂያ ነው። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም በፕሮቲን ደካማ ስለ ሆነ ባለቤቶቹ ከጎመንና ከአይብ ጋር አዋደዱት። ዛሬ በየምግብ ቤቱ በውድ የሚቀርበው ይህ ማዕድ መሠረቱ የገበሬ ቤት የቁጠባ ጥበብ ነው።

በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ከተማይቱን በዘር ከፋፍሎ ለመገንባት ዐቅዶ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። የዛሬው መርካቶ ከዚያ ተነሣ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ቢወጣም ገበያው በቦታው ቀረ፤ እህል በረንዳም የአገሪቱ የእህል ዋጋ የሚደመጥበት ስፍራ ሆነ። የከተማይቱ ጎተራ በኮልፌ ደጃፍ ቆመ ማለት ነው። ነገር ግን ለጎተራ መቅረብና ከጎተራ መቅዳት አንድ አይደሉም። በኩንታል የሚገዛው ሰው ከጅምላው ዋጋ ይጠቀማል፤ በጣሳ ወይም በመደብ የሚገዛው ግን ለእያንዳንዱ ጉርሻ የበለጠ ይከፍላል። ድሃው ውድ የሚገዛው ሂሳብ ባለማወቁ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ገንዘብ ስለሌለው ነው።

የከተማው እናቶች ይህን ችግር የመቱበት ታላቁ መሣሪያ ምጥን ሽሮ ነው። አተሩ፣ ባቄላው ወይም ሽምብራው በመኸር ማግሥት ዋጋው ሲረግብ ይገዛል፤ ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፤ ከበርበሬና ከቅመማ ቅመም ጋር ተመጥኖ ወፍጮ ቤት ይላካል። ጎረቤት ለጎረቤት እየተጋገዘ የሚያዘጋጀው ይህ ዱቄት ለብዙ ወራት ያቆያል። ወጡ ቶሎ ስለሚበስልም የማገዶውን ወጪ ይቀንሳል። የተረፈው እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። በዚህ ቤት የሚጣል ነገር የለም።

ሳይንሱም የእናቶቹን ብልኃት መስክሮለታል። በጤፍና በሌሎች ብርዕ ሰብሎች ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር በጥራጥሬ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ስለዚህ እንጀራና ሽሮ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። የሊጡ መብላላትም ሰውነት በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት በተሻለ እንዲጠቀም ይረዳል። በ1950ዎቹ በስዊድን እርዳታ ተቋቁሞ፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም ለሕፃናት ያዘጋጀው ፋፋ ስንዴንና ጥራጥሬን ከዱቄት ወተት ጋር ያዋደደ ነበር። መሠረተ ሐሳቡ በመሶቡ ዙሪያ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

የጥራጥሬው ማዕድ ሌላም ታላቅ ዋጋ አለው። ኮልፌ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ የሚኖርበት ሠፈር ነው። በሥጋ ጊዜ ሁሉም የየራሱን ዕርድ ይመገባል፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ግን ሁለቱንም በአንድ ትሪ ያቀርባል። ርካሹ ምግብ ሰፊው ማዕድ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሆኖም ርካሽ ሁሉ መልካም አይደለም። ድርቅ የሚቋቋመው ጓያ በችጋር ጊዜ ብቻውን ለወራት ሲበላ እግርን ሽባ እንደሚያደርግ፣ በ1969 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ደንቢያና አካባቢው የደረሰው ጉዳት አስተምሯል። በከተማም ከሁሉ በታች ያለው «ቡሌ» ነው፤ ከሆቴል ተርፎ ለምስኪኑ የሚሸጠው ትርፍራፊ። ሆድ ይሞላል፤ ጤና ግን ያስይዛል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ የቆሼው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በከተማይቱ ጥራጊ ዳር ጎጆ ቀልሶ፣ ከዚያው ለቅሞ የሚያድር ሕዝብ መኖሩን የማያውቀው ሁሉ ዐወቀ።

ከዚህ አዘቅት የሚጠብቀው ገመድ ኅብረት ነው። ዕቁብ ለድሃው በአንድ ጊዜ የሚያወጣውን ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ዕጣው በጥር የወጣለት ሠራተኛ የዓመቱን ጤፍ ገዝቶ ያስገባል። ዕድር ድስቱን፣ ሳህኑንና ድንኳኑን በጋራ ያስቀምጣል። ቅርጫ ከሥጋ ቤት ባነሰ ዋጋ ሥጋ ያበላል፤ በዕጣ ስለሚከፋፈልም አድልዎ አይገባበትም።

መንግሥትም በተራው ኅብረቱን በአዋጅ ሞክሮታል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ የተጠናከሩት ቀበሌዎች የኅብረት ሱቆችን ከፈቱ፤ ነዋሪው በካርድ እህል፣ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና በተወሰነ ዋጋ ማግኘት ጀመረ። ለብዙ ዝቅተኛ ቤተሰብ ይህ እፎይታ ነበር። ነገር ግን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን ከገበሬው በኮታና ከገበያ ባነሰ ዋጋ ይወስድ ስለ ነበረ፣ ኬላውም የእህልን እንቅስቃሴ ስላገደ፣ የከተማው ርካሽ እንጀራ ዕዳ በገጠሩ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሰልፉ ረዘመ፤ የጓሮ ገበያው ሰፋ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ባለ ድርሻው ወድዶ የሚገባበትና አምራቹም ተገቢ ዋጋ የሚያገኝበት ኅብረት ይጸናል፤ አንዱን ለማብላት ሌላውን የሚያስርብ አይጸናም።

ከዚያ ወዲህም ጥያቄው አልተዘጋም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የእህል ዋጋ ሲንር፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም የኑሮ ሸክሙ ሲከብድ፣ ሠራተኛው ተመልሶ ያየው የሸማቾች ማኅበራትንና በ2014 ዓ.ም. ገደማ የተጀመሩትን የእሑድ ገበያዎች ነው። በከተማይቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው ምገባም የድሃውን ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ማዕድ አስቀምጦታል። በአንጻሩ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ነባሩን ሠፈርተኛ በትኖታል። አዲሱ ቤት ውኃና መብራት ሰጥቷል፤ በርበሬ የሚሰጣበት ግቢ፣ ልጅ አደራ የሚባልበት ጎረቤት፣ ለዓመታት የተያዘ ዕቁብና ዕድር ግን በዕቃ መጫኛ መኪና አይጓዙም። ለዕርድና ለማብሰያ የተሠሩት የጋራ ሕንፃዎች ዋጋ የሚኖራቸው ሰው ሲሰበሰብባቸው ነው።

ስለዚህ በጥቂት ገንዘብ በሚገባ የመብላት ጥበብ የአንዲት ባለሙያ ሴት ብልኃት ብቻ ሳይሆን የሠፈር ሀብት ነው። ሠፈር ሲበተን አብሮ ይበተናል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ወደ ጉሊቱ መደብ ብቻውን ይመለሳል። የሠፈርን ግንባታ የሚመራ ኃላፊ ከቤቱ ቁጥር ጋር የጉርብትናውን ገመድ ሊቆጥር ይገባዋል። መምህሩ የምጥን ሽሮን ሂሳብ ከሥነ ምግብ ትምህርት ጋር አጣምሮ ቢያስተምር፣ ሠዓሊውና ደራሲው ጉሊቷንና ቅርጫውን የሥራቸው ርእስ ቢያደርጉ፣ የሚጠብቁት ጌጥ ሳይሆን ሚሊዮኖች የኖሩበትን እውቀት ነው። ይህ እውቀት በአመዛኙ የሚገኘው በአረጋውያን እናቶች እጅ ነው፤ መመዝገብ ያለበትም እነርሱ ሳሉ ነው።