ቤቱ እንደ ተቋም፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የመኖሪያ እንክብካቤ በደባርቅና በዳባት

በ1960 በወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የጤና ባለሙያዎች እምብዛም የማያነቧቸው ሁለት አንቀጾች ይገኛሉ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ አእምሮው ባለመዳበሩ፣ በአእምሮ ሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት የሥራውን ውጤት ሊረዳ የማይችለውን ሰው በአንድ ስም ይጠቀልልና፣ ሁኔታው በግልጽ የታወቀ ነው የሚባለው መቼ እንደሆነ ይደነግጋል። አንቀጽ 341 መለኪያውን በሆስፒታል ወይም በመሰል ተቋም ውስጥ መኖር ያደርገዋል። አንቀጽ 342 ግን ወደ ገጠር ይወጣል። ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ባለው ቀዬ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ሁኔታው የሚጠይቀውን ጥበቃ የሚያደርጉበትና በዚሁ ምክንያት የመንቀሳቀስ ነጻነቱን የገደቡበት ሰው፣ ሁኔታው በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል።

ሕግ አውጪው አስቦበትም ይሁን ሳያስበው፣ የገጠሩን ጎጆ ከሆስፒታሉ ጎን አቁሞታል። ይሁን እንጂ የበሩን መዘጋት ማስረጃ አደረገው እንጂ፣ ከበሩ በስተኋላ ያለው ሰው ምን እንደሚበላ፣ የሚጥል በሽታው መታከም አለመታከሙን፣ ማን እንደሚያጥበው የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ አልሾመለትም። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ በዳባትና በደባርቅ ወረዳዎች፣ እንዲሁም በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች፣ የመኖሪያ እንክብካቤ ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ያልተጎበኘ ቤት ታሪክ ነው።

በሌላው ዓለም የመኖሪያ እንክብካቤ ጥራት እንደ ጥያቄ የተነሣው ከተቋማት ውድቀት በኋላ መሆኑ ይታወቃል። በዌልስ ካርዲፍ በሚገኘው ኢሊ ሆስፒታል በሕሙማን ላይ ይፈጸም የነበረውን በደል በ1967 ለጋዜጣ የገለጠው ሐኪም ወይም ሜትረን ሳይሆን አንድ ረዳት ነርስ ነበር። በጄፍሪ ሃው ሰብሳቢነት የተካሄደው ምርመራ ውጤት በ1969 ሲታተም፣ ሆስፒታሎችን ከውጭ ሆኖ የሚጎበኝ አካል እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ። በኒው ዮርክ ዊሎብሩክ ለ4,000 ሰዎች ተሠርቶ ከ6,000 በላይ ያጎረ ተቋም ነበር። ሕጻናቱን ሆን ተብሎ በሄፓታይተስ የማስያዝ ጥናትም ተካሂዶበታል፤ የተዘጋው በ1987 ነው። ቁጥጥርና ሕግ በተሟላባት እንግሊዝ ሳይቀር በ2011 በዊንተርቦርን ቪው የተፈጸመው ግፍ የተጋለጠው ራሱን ሠራተኛ አስመስሎ በገባ ጋዜጠኛ ነው።

በአገራችን በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የእማሆይ ቴሬዛ ደናግል ከ1973 ጀምሮ፣ በኋላም የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፣ ጠዋሪ ያጡትን ሰብስበዋል። የእድገት ውስንነት ያለበት ሰው ግን ወደነዚህ ቤቶች የሚገባው ብዙውን ጊዜ በድኅነት ወይም በሕመም በር እንጂ በራሱ ስም አይደለም።

በስሜን ግርጌ ጥያቄውን ዛሬ አጣዳፊ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ጨው ነው። እንቅርት ለደጋው ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ብሂል ራሱ የኤፒዲሚዮሎጂ ምስክር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከኤርትራ ወደቦች ይመጣ የነበረው አዮዲን የተጨመረበት ጨው በ1998 በተነሣው ጦርነት ተቋረጠና ገበያው ወደ አፍዴራ ዞረ። በ2005 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤተሰብ በ20ው ገደማ ብቻ ነበር፤ በ2011 ደግሞ ወደ 15 ወረደ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በዚያው ዓመት ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ ቁጥር 204 ካወጣ በኋላ፣ በ2016 አኃዙ 89 ደረሰ። (በጨው ውስጥ አዮዲን መገኘቱ መጠኑ በቂ ለመሆኑ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ግን ልብ ይሏል።)

በከፍተኛ የአዮዲን እጥረት ውስጥ የሚያድጉ ሕጻናት የአእምሮ ብቃት መለኪያ ከሌሎቹ በአማካይ ከ12 እስከ 13 ነጥብ ዝቅ እንደሚል የተለያዩ ጥናቶችን በአንድነት የመረመሩ ሥራዎች አሳይተዋል። ከፅንስነት የጀመረው ጉዳት በኋላ በሚሰጥ አዮዲን አይመለስም። በእነዚያ 13 ዓመታት የተወለዱት ዛሬ ከአሥራዎቹ አጋማሽ እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ደርሰዋል። የረዘመ ምጥና ማጅራት ገትር የጎዷቸው ሲጨመሩ፣ ጉልበታቸው የጎለመሰ፣ እናቶቻቸው ግን የደከሙ ብዙ ቤቶች አሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቤተሰቡን እንክብካቤ መናቅም ማሞገስም አይገባም። ስዊድናዊው ቤንግት ኒርየ በ1969 ለተቋማት ያቀረበው መለኪያ፣ ሰውየው እንደ ማንኛውም ሰው የቀን፣ የሳምንትና የዓመት ሥርዓት አለው ወይ የሚል ነበር። ይህ በደባርቅ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ መሶብ ይቆርሳል? ለጥምቀት ነጭ ልብስ ለብሶ ከታቦቱ ኋላ ይወጣል? ከብት ያግዳል፣ ውኃ ይቀዳል? በዚህ ሚዛን አንዳንድ ጎጆ ከብዙ ዘመናዊ ተቋም ይበልጣል። በዚያው ሚዛን፣ እናትየው ወደ ገበያ ስትሄድ ልጇ በሚጥል በሽታው ከምድጃ እንዳይወድቅ ብላ ከምሰሶ የምታስረው ደግሞ አለ። የዚህ ሰው ገመድ የጭካኔ ሳይሆን የፌኖባርቢታል እጦት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ርካሽ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያስቆጨው።

ቤትም ቢሆን በአንድ ሥፍራ ጸንቶ አይኖርም። በ2016 የጊጭ ነዋሪዎች ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው በደባርቅ ሰፍረዋል። በ2021 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ብዙዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። የምንጩን መንገድና የበጎቹን ድምፅ በማወቅ ብቻ ራሱን ችሎ ይውል ለነበረ ሰው፣ የከተማ አስፋልትና ያልታወቀ ጎረቤት አዲስ አካል ጉዳት ነው። ትላንት በሜዳ የዋለው ዛሬ በር የሚዘጋበት ለዚህ ነው።

ከ1954 ጀምሮ በጎንደር ጤና ኮሌጅ የሠለጠኑት የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች ከሌላው ሐኪም የተለዩት ወደ ቤት በመሄዳቸው ነበር። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ ልማድ ወደ ቀበሌ አወረደው። በመጀመሪያዎቹ 16 ጥቅሎች ውስጥ የአእምሮ ጤና ራሱን የቻለ ቦታ አልነበረውም፤ የታከለው በኋላ ነው። ባለሙያዋ የመጸዳጃ ጉድጓዱንና የክትባት ካርዱን አይታ ስትወጣ ጓዳው ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ሆኖም በመብት ከውጭ ወደ ቤት የምትገባ እርሷ በመሆኗ፣ በኢሊ የረዳት ነርሱ የነበረው ሥፍራ የእርሷ ነው። ሌላ ሰው በሌለበት ሦስት ነገር ብትጠይቅ ይበቃል፤ ሰውየው ትላንት የት ዋለ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ መቼ አለቀ፣ እናትየው ስትታመም ማን ያበላዋል።

በዳባት ከ1996 ጀምሮ በጎንደር የሕክምና ትምህርት ተቋም የሚመራ የምርምር ጣቢያ ቤት ለቤት ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግብ ቆይቷል። በእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ የአንዲት እናት ሞት በቀኑ ይሰፍራል። ከቀብሩ በኋላ ልጇን ማን እንደተረከበው ለማወቅ ግን፣ ለቅሶው ካበቃ በኋላ ተመልሶ ያንን በር ማንኳኳት ያስፈልጋል።