አቶ አስፋው የምሩ፦ በዛፍ ጥላ ሥር ትምህርት ቤት የከፈቱ መምህር

ኮሚቴያችን በየዓመቱ በሚያወጣው በዚህ መጽሔት ላይ አባላት የምናውቀውን እንድንጽፍ በጠየቀው መሠረት፥ እኔም ዘንድሮ ስለ አንድ መምህር ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም እንጀራዬ የመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ነበር። ስለዚህ የተራቀቀ አነጋገር አትጠብቁብኝ።

ይህን ርእስ የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው መሰለኝ፥ በሰፈራችን ሰው ባረፈ ቁጥር በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ የምጠራው እኔ ነኝ። ሐዘንተኞቹ ከበውኝ ይነግሩኛል፤ እኔም እጽፋለሁ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፥ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ደግ፥ ሰው አክባሪ፥ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ።» ይኸው ነው። ስሙ ብቻ ቢለወጥ ያንዱ ታሪክ ለሌላው ይሆናል። ሟቹ ግን እንደማንም አልነበረም። ለማን ምን እንዳደረገ፥ ትርፍ ጊዜውን በምን እንዳሳለፈ ሳይጻፍ አፈር ይመለስበታል። ከሁሉም ይልቅ ይህ የሚደርስባቸው መምህራን ናቸው። ግንበኛ የሠራው ቤት ቆሞ ይታያል። መምህር የሠራው ሰው ግን እግር አለውና ተበትኖ ይሄዳል።

እንግዲህ የአንድን መምህር ሥራ በዝርዝር ብናየው ምን ይመስላል? ለዚህ የአቶ አስፋው የምሩን ታሪክ አቀርባለሁ።

አቶ አስፋው የተወለዱት በ1930ዎቹ ውስጥ በቡልጋ ነው። ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ከአገራቸው ተነሥተው በእግራቸው አዲስ አበባ ገቡ። ዘመድ ተቀብሎ ያሳረፋቸው አይደሉም። በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከነዳያን ጋር አደሩ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ማደር ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ብርዱ አለ፤ ረኃቡ አለ፤ የዝክርና የተዝካር ቀን ግን ጥቂት ይቀመሳል። በኋላ በሰው ቤት እያገለገሉ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በትምህርታቸውም በርትተው ወደ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተዛወሩ።

እዚህ ላይ ዘመኑን ማስታወስ ያሻል። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ተፈሪ መኮንን ደግሞ በ1917 ዓ.ም.። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲገባ የተጀመረው ሁሉ ተቋረጠ። ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ሥራው እንደገና ከሥሩ ተጀመረ፤ ዊንጌት ትምህርት ቤትም ከዚያ ወዲህ ከተከፈቱት አንዱ ነው። ስሙ የተወሰደው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል ከገባው ከእንግሊዛዊው የጦር መኮንን ከዊንጌት ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ስለነበር ተማሪው እዚያው ይበላል፥ እዚያው ይተኛል። በዚያን ጊዜ እዚያ መግባት ማለት የወደፊት እንጀራ ተያዘ ማለት ነበር። ተምሮ ለሚወጣ ሰው የመንግሥት ሥራ ይጠብቀዋልና።

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያደረ ልጅ እንዲህ ካለ ቦታ ሲደርስ ያለፈውን መርሳት ይቀለዋል። አቶ አስፋው ግን አልረሱም። ከዊንጌት አቅራቢያ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ቦታውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በአዲስ አበባ ለቀብር ወደዚያ ያልሄደ እድርተኛ ጥቂት ነው። በዚያ አካባቢ የሚለምኑና ሥራ ፈተው የሚውሉ ልጆች ነበሩ። አስፋውም ከተማሪዎች ማዕድ የሚተርፈውን ምግብ ይወስዱላቸው ጀመር። አስቡት፤ ሰጪው ራሳቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ዳቦ ግን በማግሥቱ ያልቃል። ልጆቹም የፈለጉት ዳቦ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ አስፋው ቀን በክፍል የተማሩትን ይዘው እየመጡ ከዛፍ ሥር ማስተማር ጀመሩ። ይህ የሆነው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ጠረጴዛ የለም፤ ወንበር የለም፤ ደመወዝም የለም። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። የኔታ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ልጅ ሰብስበው ሀ ሁ ሲያስቆጥሩ የኖሩባት አገር ናት። አዲስ የነበረው መምህሩ ራሱ ተማሪ መሆኑ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ የልጆቹ ቁጥር በዛ፤ የዛፉም ጥላ አልበቃ አለ።

በዚያ ዘመን አቤት ባይ ጃንሆይ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆሞ ጉዳዩን ማሰማት የተለመደ ነበር። አባቶቻችን እንደነገሩን አብዛኛው ሰው የሚጮኸው ስለ ርስቱ፥ ስለ ማዕረጉ ወይም ስለ ተበደለው ነው። አቶ አስፋው ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ መኪና ፊት ወድቀው ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሆን መሬት እንደለመኑ ይተረካል። መሬቱም ተገኘ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ከዛፍ ጥላ ወጥቶ የራሱን ግቢ ያዘ። ስሙም አሠረ ሐዋርያት ተባለ። በግእዝ አሠር ማለት ዱካ፥ ፈለግ ማለት ነው፤ የሐዋርያት ፈለግ እንደማለት ነው። ስም ዝም ብሎ አይወጣም። ሐዋርያት ኮረጆ ሳይዙ፥ ሁለት ልብስ ሳይደርቡ ነበር የተላኩት።

ትምህርት ቤቱ የቆመው ከሌላ ቦታ ለሚመለሱት ለድኾች ልጆች ነው። ክፍያ የለበትም። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ትምህርት በነጻ ነው በሚባልበት ጊዜ እንኳ ደብተሩ፥ የደንብ ልብሱና መዋጮው ስንቱን የድኻ ልጅ ከበር እንደመለሰው የምናውቅ እናውቃለን።

ሌላው ሊጻፍላቸው የሚገባ ነገር፥ ከቀለም ትምህርት ጋር የእጅ ሙያ እንዲሰጥ ማድረጋቸው ነው። ሽመና፥ የእንጨት ሥራ፥ የጓሮ ተክል ልማትን የመሳሰለውን ልጆቹ ይለማመዳሉ። በአገራችን የእጅ ባለሙያ ሲናቅ የኖረ ነው፤ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፥ ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ እያሉ መስደብ ልማድ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ግን ባዋጅ ብቻ አልጠፋም። የጠገበ ቤት ልጅ ፈተና ቢወድቅ አባቱ ሌላ ያስብለታል። የድኻ ልጅ ከወደቀ መውደቁ ነው። እጁ ሙያ ካወቀ ግን ቢያንስ በልቶ ያድራል። እርሳቸው ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በቅጥር ግቢ አዳሪነታቸው ጊዜ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋወጠ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ ዘውዱ ወረደ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረና ሽማግሌው ባልቴቱ ደብተር ይዞ ወደ ቀበሌ ጎረፈ። ስለዚያ ዘመን ክፉም ደግም ይነገራል፤ እኔ ግን እናቴ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ መፈረሟን ትታ ስሟን በገዛ እጇ የጻፈችበትን ቀን አልረሳውም። አገር ሁሉ የተነሣበት ያ ዘመቻ ሲጀመር አቶ አስፋው በፈቃዳቸው ማስተማር ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ መንግሥት መጣ። ትምህርት ቤቱ ይህን ሁሉ ተሻግሮ ቆመ። ባለፉት ዓመታት በአቶ አስፋው ትምህርት ቤቶች የተማሩት ልጆች ከ100,000 በላይ እንደሚሆኑ ተነግሯል። ይህን ቁጥር ለማየት ያህል በእድራችን ልክ አስቡት። አንድ እድር 300 አባወራ ቢኖረው፥ እያንዳንዱም ቤት አምስት ነፍስ ቢቆጠር፥ ከስድሳ የሚበልጥ እድር ሙሉ ሰው ማለት ነው።

በ1993 ዓ.ም. ለአቶ አስፋው በስዊድን አገር የሚሰጠው የዓለም ሕፃናት ሽልማት ተሰጣቸው። ይህ ሽልማት ለልጆች መብት የደከሙ ሰዎች የሚከበሩበት ነው። ከሌላው ሽልማት የሚለየው ዳኞቹ ራሳቸው ልጆች በመሆናቸው ነው። በትልልቅ ሰዎች ዘንድ ዝና በወሬም በገንዘብም ይገኛል። ልጅን ግን ማታለል አይቻልም፤ ማን እንደሚወደው ያውቃል።

አቶ አስፋው በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የቤታቸውን ኑሮ ለቤተሰባቸው እተዋለሁ፤ መናገር የሚገባቸው እነሱ ናቸው። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። እኛ «የቤተሰብ ኃላፊ» ስንል ልጁን ያበላ፥ ያለበሰ፥ ያስተማረ ማለታችን ነው። እርሳቸው ግን ይህንኑ ላልወለዷቸው ልጆች አደረጉት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። እንደሚታወቀው እድር ከጣልያን ወረራ ወዲህ በአዲስ አበባ እየተስፋፋ የመጣ ማኅበር ነው። ከየአገሩ መጥቶ ዘመድ የሌለው ሰው ቀባሪ እንዳያጣ ጎረቤት ለጎረቤት የተማማለበት ነው። መቅበሩን በሚገባ እየሠራን ነው። ድንኳናችን፥ ወንበራችን፥ ድስታችን የተሟላ ነው፤ መዋጮውም ባይበዛም ይገባል። ነገር ግን ወንበሩ ለቅሶ ከሌለ ተደራርቦ ይቀመጣል። አዳራሹም ከወርሃዊው ስብሰባ በቀር ተቆልፎ ይውላል። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ መምህራን አሉ። ማታ ማታ መብራት ደኅና በሌለበት ቤት፥ ጥናት የሚያስረዳ ሰው ያጡ ልጆችም በሰፈራችን አሉ።

የአቶ አስፋው ታሪክ የሚያሳየን ሥራው የተጀመረው በብዙ ገንዘብ አለመሆኑን ነው። የተጀመረው በተረፈ ዳቦ፥ በተረፈ ሰዓትና በዛፍ ጥላ ነው። የእኛ ትርፍ ወንበሩ፥ አዳራሹና የጡረተኛው ጊዜ ነው። ስለሆነም ሁለት ነገር ለጠቅላላ ጉባኤው አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ አዳራሹ በሳምንት ሁለት ቀን፥ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፥ ለልጆች ማስጠኛ ይከፈት። ለቅሶ ከተነሣ ይዘጋል፤ ለቅሶው ሲነሣ ይቀጥላል። የሚያስጠኑትን አባላት መጠየቅና መመዝገብ የኮሚቴው ድርሻ ይሆናል። መዝገቡን ለመያዝ እኔ አለሁ፤ የለመድኩት ሥራ ነው።

ሁለተኛ፥ የእያንዳንዳችን የሕይወት ታሪክ በሕይወት ሳለን ይጻፍና በእድሩ ሣጥን ይቀመጥ። የአባትና የእናት ስም ብቻ አይበቃም። ማንን አስተማረ? ማንን አስታረቀ? ማን ታሞ ማን አስታመመው? ይህ ይጻፍ። ሟርት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ በየወሩ የቀብር መዋጮ እየከፈሉ ይህን መፍራት ግን አይሆንም። በሐዘን መካከል፥ ሰው እያለቀሰ፥ አስከሬን ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የሚጻፍ ታሪክ እውነቱን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። አሁን ግን ጠያቂውም ተጠያቂውም አለን።

ለአቶ አስፋው የምሩ፥ በየሰፈሩ ስማቸው ሳይነሣ ላለፉት መምህራንና ባለፈው ዓመት ለተለዩን አባሎቻችን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ለእኛም ከሥራቸው ጥቂቱን ለመሥራት ዕድሜና ጤና ይስጠን።