በቀቀንና ዕፀ ጉበት

ከሰበታ ከተማ በላይ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ታሪኩ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468) እንደሚጀምር በትውፊት ይነገራል፤ ንጉሠ ነገሥቱ የጥዱን ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተክለውታል ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ደን ጥላ ሥር ከሚኖሩት ፍጥረታት ሁለቱን ልናነሣ ወደድን፤ አንዱን መንገደኛው ሁሉ በጩኸቱ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ግን የሚረግጠው እንጂ የሚያስተውለው የለም።

የመጀመሪያው ጥቁር ክንፍ ያለው ትንሹ በቀቀን ነው። የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ብቻ ሲሆን፣ የተባዕቱ ግንባር ቀይ ነው፤ እንስቲቱ ይህ ጌጥ የላትም። በሊቃውንት መዝገብ የገባው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የኢትዮጵያ ጉዞውን ባሳተመበት በ1814 ዓ.ም. ነው። ስሙን ያወጣለት ኤድዋርድ ስታንሊ «ታራንታ» አለው፤ ይኸውም ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚያወጣው ተራራ ስም ነው። ወፉ እንግሊዞች የወጡበትን አቀበት ስም እስከ ዛሬ ተሸክሞ ይኖራል።

ሁለተኛው በእርጥብ ድንጋይና በግንድ ልጥ ላይ የሚለጠፍ፣ እውነተኛ ሥርም ውሃ የሚያሳልፍ ቧንቧም የሌለው ደቃቅ ተክል ነው። የአውሮፓ የጥንት ሐኪሞች ቅርጹ ጉበት ስለሚመስል ለጉበት መድኃኒት ነው ብለው ያምኑ ነበር። እኛም በዚህ ጽሑፍ ዕፀ ጉበት እንበለው። ሊኔየስ በ1753 ዓ.ም. ዕፀዋትን ሲመድብ ከአልጌ ጋር ደባለቀው፤ ከ5 ዓመት በኋላም በቀቀኖችን ከቁራ ወገን ጋር በአንድ ክፍል አኖራቸው። ሁለቱም ስሕተቶች ታርመዋል። ዛሬ 400 ያህል የበቀቀን ዝርያ በራሱ ክፍል፣ ከ7,000 የሚበልጥ የዕፀ ጉበት ዝርያም በራሱ ታላቅ ክፍል ይቈጠራል።

በጥበቃ ረገድ ግን ዕድላቸው ተለያየ። በ1973 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተፈረመው የዱር ፍጥረታት ንግድ ስምምነት በ1981 ዓ.ም. በቀቀኖችን ከጥቂቶች በቀር ሁሉንም በዝርዝሩ አስገባ፤ ኢትዮጵያም በ1989 ዓ.ም. የስምምነቱ አባል ሆነች። ከዕፀ ጉበት ወገን በዚያ ዝርዝር አንድም የለም። ነጋዴ ያልፈለገውን ሕጉ ከወዴት ያስበዋል? በአገራችንም ከ1980 እስከ 2009 ዓ.ም. በብዙ ድካም የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ውሃ አሳላፊ ቧንቧ ያላቸውን ብቻ ይዘረዝራል። ሥራው ታላቅ ነው፤ ለዚህ ትንሽ ተክል ግን ስፍራ አልነበረውም።

እኛን የሚያሳስበን ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ ዛፍ መሆኑ ነው። በቀቀኑ የሚፈለፍለው ባረጀ ግንድ ሽንቁር ውስጥ ነው፤ ከሚመገበውም አንዱ የጥድ ፍሬ ነው። ዕፀ ጉበቱም የሚለመልመው በዚያው ግንድ ልጥ ላይ፣ ጥላና ጤዛ ሳይጐድልበት ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሲሰፉ የማገዶና የቤት ሥራ እንጨት ፍላጎት ያድጋል፤ ስለዚህም ባሕር ዛፍ ይተከላል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎም ይቈረጣል፤ ሽንቁር እስኪያበጅ የሚቆይለትም የለም። በቀቀኑ ሌላ ግንድ ፍለጋ ይበርራል፤ ዕፀ ጉበቱ ግን ጥላው በተነሣ ጊዜ በዚያው ይደርቃል።