«አንድ ምሽት ከቤት ውጭ»

እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ሃሮልድ ፒንተር ለሬዲዮ የጻፈው ድራማ። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1960 በቢቢሲ ሦስተኛ ፕሮግራም ተላለፈ፤ አዘጋጁ ዶናልድ ማክዊኒ ነበር።

ባለታሪኩ አልበርት ስቶክስ የ28 ዓመት ዓይን አፋር የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እናቲቱ ልጇ ለአንድ ምሽት እንኳ ከቤት እንዳይወጣ የሞቱትን አባቱንና አያቱን እያነሳች ትይዘዋለች። በጡረታ ለሚሰናበቱ ባልደረባ በተዘጋጀው ግብዣ ላይ አንዲት ሴት «ነካኝ» ብላ ትጮኻለች። ጥፋቱ የሌላ ቢሆንም ጣት የሚቀሰረው በአልበርት ላይ ነው፤ ጊድኒ የተባለው የሥራ ባልደረባውም «የእናቱ ልጅ» ብሎ ያዋርደዋል።

ወደ ቤት ሲመለስ የእናቱ ወቀሳ ይቀበለዋል። የጠረጴዛውን ሰዓት አንስቶ ይሰነዝራል፤ የታፈነ ጩኸት ይሰማል። አድማጩ ሴትዮዋ ትሙት ትትረፍ እስከ መጨረሻው ትዕይንት አያውቅም። የሬዲዮ ጥበብ ጉልበቱን ያሳየበት ቦታ ይህ ይመስላል።

ከዚያ መንገድ ላይ ከተዋወቃት ሴተኛ አዳሪ ክፍል ይገባል። እሱ የፊልም ባለሙያ ነኝ ይላል፤ እሷ ደግሞ ጨዋ እመቤት ለመምሰል አዳሪ ትምህርት ቤት ያለች ልጅ አለችኝ ትላለች። የልጇ ነው የምትለው ፎቶግራፍ ግን የራሷ የልጅነት ምስል ነው። ምሽቱን ሙሉ የተናቀው ሰው እዚህ ጨካኝ ይሆናል፤ ሴቲቱን እያስፈራራ ጫማውን ያሳስራታል። ፒንተር ይህን ወንድነት አያሞግሰውም፤ ከውርደት የተወለደ መሆኑን ግን በግልጽ ያሳያል።

በሬዲዮው ዝግጅት ባሪ ፎስተር አልበርትን ሲጫወት፣ ፒንተር ራሱና የዚያን ጊዜ ባለቤቱ ቪቪየን መርቸንትም ተሳትፈዋል። በዚያው ዓመት ኤፕሪል በፊሊፕ ሳቪል አዘጋጅነት በቴሌቪዥን ቀረበ።