ቀላል የወንጀል ሪከርድ ያለበት ሰው ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ሲያመለክት ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ቀላል የወንጀል ሪከርድ ያለበት ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ሁልጊዜ ቪዛ አይከለከልም። ከጥፋቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የከፋ ውጤት የሚያስከትለው ጥፋቱን መደበቅ ነው።

የወንጀል ሪከርድ ማስረጃ። ኤምባሲው ይህን ማስረጃ ሲጠይቅ አመልካቹ የጣት አሻራ ሰጥቶ ከኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ ያገኛል።

መሰየም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ እንደሚደነግገው፣ የተቀጣ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ለዚህም ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከሆነ ከተፈጸመ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌሎች ቅጣቶች ቢያንስ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። አመልካቹ በዚሁ ጊዜ መልካም ጠባይ ማሳየት ይጠበቅበታል።

የመሰየም ወሰን። መሰየም በኢትዮጵያ ሕግ የሚሰጥ መብት በመሆኑ የውጭ አገር መንግሥታትን አያስገድድም። ለምሳሌ የአሜሪካ የቪዛ ቅጽ አመልካቹ በምሕረት ወይም በይቅርታ የተሻረለት ቢሆንም እንኳ ከዚህ በፊት ተይዞ ወይም ተፈርዶበት እንደሆነ ይጠይቃል። ስለሆነም የተሰየመ ሰውም እውነቱን መመለስ አለበት። የአገሪቱ ሕግ ለአንድ ቀላል ጥፋት ልዩ አስተያየት የሚያደርግበት ሁኔታ አለ፤ ሆን ተብሎ የተሰጠ ሐሰተኛ መልስ ግን ለዘለቄታው ሊያስከለክል ይችላል።

ቅድመ ዝግጅት። አመልካቹ የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ፣ ቅጣቱ መፈጸሙን የሚያሳይ ማስረጃና የተረጋገጠ ትርጉም አስቀድሞ ሊያዘጋጅ ይገባል። “ሪከርድ እናጠፋለን” ለሚሉ ደላሎች ገንዘብ መክፈል አዲስ የወንጀል ተጠያቂነት ሊያስከትል ይችላል።