የትሪያስ ዘመን እንቁራሪትና የስያሜ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1936 ፈረንሳዊው የሥነ ቅሪተ አካል ሊቅ ዣን ፒቭቶ ከሰሜን ማዳጋስካር የተገኘ አንድ ድንጋይ መርምሮ፣ በውስጡ ለታየችው ፍጥረት «ፕሮቶባትራኩስ ማሲኖቲ» የሚል ስም አወጣላት። የፊተኛው ቃል ከግሪክኛ የተውጣጣ ሆኖ «ቀዳሚ እንቁራሪት» ማለት ሲሆን፣ የኋለኛው ናሙናውን ላገኘው ለማሲኖ መታሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኦስካር ኩን የወገን ስሙን «ትሪያዶባትራኩስ» ሲል ለወጠው። የመጀመሪያው ስም የትውልድ ሐረግን ይናገር ነበር፤ የአሁኑ የሚናገረው ዘመንን ብቻ ነው፤ ይኸውም ከ250 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የነበረውን የትሪያስን ዘመን። ለተርጓሚ የኋለኛው ይቀላል፤ የዘመን ስም በዘር ሐረግ ክርክር አይናወጥምና። «ባትራኮስ» የሚለው ቃል በኦሪት ዘፀአት የመቅሠፍት ታሪክ በግዕዝ «ቈርነናዓት»፣ በአማርኛ «ጓጉንቸር» ተብሎ ተተርጕሟል፤ እኛ ግን ለጠቅላላው ወገን «እንቁራሪት» የሚለውን መርጠናል።

ከስሟ ይልቅ የሚያስቸግረው አካሏ ነው። ርዝመቷ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ከዳሌዋ በፊት 14 አከርካሪዎች ሲቈጠሩ፣ ዛሬ በሕይወት ባሉት እንቁራሪቶች ግን ቍጥሩ ከ9 አያልፍም። በዛሬዎቹ ተዋሕደው አንድ የሆኑት የክንድ አጥንቶች በእርሷ ገና የተለያዩ ነበሩ፤ አጭር ጅራትም ነበራት። ሆኖም የራስ ቅሏ አሠራርና ወደ ፊት የረዘመው የዳሌዋ አጥንት የእንቁራሪት ዘመድ መሆኗን ይመሰክራሉ። እንደ ዛሬዎቹ ጥሩ ዘላይ አልነበረችም።

ሊቃውንት የዛሬዎቹን እንቁራሪቶች ክፍል «አኑራ»፣ ትሪያዶባትራኩስን የመሳሰሉትን የጥንት ዘመዶች ጭምር የሚያቅፈውን ሰፊ ክፍል ደግሞ «ሳሊየንቲያ» ይሉታል። አኑራ በግሪክኛ «ጅራት የለሽ»፣ ሳሊየንቲያ በላቲን «ዘላዮች» ማለት ነው። እነዚህን በፍቻቸው ብንተረጕማቸው መዝለል የማይሆንላት ፍጥረት ከ«ዘላዮች» ተራ ትገባለች። ላቲኑ ይህን ቅራኔ ይሸከመዋል፤ ቃሉን ሲያነብ ዝላይ የሚታየው ሰው ጥቂት ነው። የአማርኛ አንባቢ ግን «ዘላይ» ሲባል የሚዘል ነገር ይጠብቃል። ስለዚህ የክፍል ስሞች በድምፃቸው ቢጻፉ ይሻላል እንላለን፤ ለተማሪ ይከብዳል የሚለው ተቃውሞም ክብደት የሌለው አይደለም። በመዝገበ ቃላትም «እንቁራሪት» የሚለው ቃል «ጅራት የሌላት» ተብሎ ብቻ ቢፈታ አይበቃም። እርግጥ ነው፣ በውሃ ውስጥ የምትዋኘው እጯም ባለ ጅራት ናት።

«ቅሪተ አካል» የሚለው ስያሜ ራሱ በዚህ ድንጋይ ይፈተናል። የላቲኑ «ፎሲሊስ» ተቈፍሮ የወጣ ማለት ብቻ ሲሆን፣ አማርኛው ከአካሉ የተረፈ ነገር አለ ይላል። በማዳጋስካሩ ድንጋይ ግን አጥንቱ ጠፍቶ የቀረው ሁለት ገጽ ያለው ባዶ ቅርጹ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ዣን ክሎድ ራዥና ዝቢኔክ ሮቼክ አዲስ ዝርዝር መግለጫ ያወጡላትም በዚሁ ቅርጽ ላይ ተመሥርተው ነው። ቃሉ ሥር ስለ ሰደደ ይለወጥ አንልም፤ ፍቹ ግን እንዲህ ቢሰፋ እንመርጣለን፦ «ቅሪተ አካል፦ በጥንት ዘመን ከኖረ ሕያው ፍጥረት በዐለት ውስጥ ተጠብቆ የተገኘ አካል፣ ወይም አካሉ ጠፍቶ የቀረ ቅርጹና አሻራው።»