ባለ አጥንት እጀታው ሰንጢ

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ ሰው የድሮ ገንዘብ ይሰበስባል። እኔ ቢላዋ እሰበስባለሁ። ይህን ስናገር አንዳንዱ ወዳጄ ወንበሩን ራቅ ያደርጋል፤ ሌላው ደግሞ "ለመሆኑ ደህና ነህ?" ይለኛል። ደህና ነኝ። የምሰበስበው ጩቤና ጎራዴ አይደለም። ኪስ የሚገባ፣ የሚታጠፍ፣ እጀታው ከከብት አጥንት ወይም ከቀንድ የተሠራ ሰንጢ ነው። አባቶቻችን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ቁርጥ የሚቆርጡበት፣ ሸንኮራ የሚልጡበት፣ ጥፍር የሚከረክሙበት፣ ዱላ የሚጠርቡበት፣ የቤተ ክህነቱ ሰው ደግሞ የመቃ ብዕሩን የሚቀርጽበት ያ ትንሽ ዕቃ።

ስብስቤ ያደገው በአንድ መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚያደርሰው፣ ከዚያም በጉደርና በጌዶ አልፎ ወደ ባኮ የሚወርደው መንገድ ማለቴ ነው። በገበያ ቀን አሮጌ ቁልፍ፣ የላምባ ፋኖስና ድምፁ የጠፋ ራዲዮ ዘርግተው ከሚሸጡ ሰዎች ፊት ቁጢጥ ብዬ እውላለሁ። (ስመለስ ታዲያ ኬላ ላይ ቦርሳዬ ይከፈታል። አሥር ቢላዋ የያዘ ሰው "ለቅርስ ነው" ሲል ፈታሹ ፊት ላይ የሚነበበውን እናንተው ገምቱት።)

ሰንጢ የፈረንጅ ዕቃ ነው የሚል አለ። ግማሽ እውነት ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ሳለ ጥሬ ሥጋ የሚበላበትን ግብዣ አይቶ ጽፏል። እሱ እንደሚለው ወንዶቹ የሚቆርጡት ለጦርነትም በሚታጠቁት ረጅም ቢላዋ ነበር። ሴቶቹ የያዙት ግን ትንንሽ የሚታጠፉ ቢላዋዎችን ነው፤ እነሱንም በርሚንግሃም ውስጥ በአንድ ሳንቲም ከሚሸጡት ርካሽ ቢላዋዎች ጋር ያመሳስላቸዋል። እንግዲህ ሰንጢ ቢያንስ 250 ዓመት አብሮን ኖሯል ማለት ነው፤ ያውም በወይዛዝርት እጅ። በኋላማ የጀርመኑ የዞሊንገን ከተማ ለኢትዮጵያ ገበያ የጎራዴ ስለት እስከ መሥራት ደርሷል።

ግማሹ ውሸት የሚሆነው ግን ቢላዋው እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። በእጄ ካሉት አብዛኞቹ እንደ መጡ አልቀሩም። እጀታቸው ተሰንጥቆ ሌላ ገብቶላቸዋል፤ ወይም እጀታው ተርፎ ስለቱ አልቆ ተቀይሯል። አንዱን ሳገላብጥ ስለቱ የውጭ አገር ማኅተም አለበት፤ እጀታው ግን የእኛው በሬ ቅልጥም ነው። ሌላው ላይ እጀታውን ከብረቱ ጋር የያዘችው ሚስማር ቢጫ ናስ ናት፤ ከተተኮሰ ጥይት ቀለህ ተቆርጣ የወጣች። ጦርነቱ አልፎ ቀለሁ ቢላዋ ላይ ቀረ።

ስለቱም ታሪክ አለው። ጥንት ብረቱ አገር ውስጥ ነበር የሚቀልጠው። ወለጋ በዚህ የታወቀ ነው። ያ ብረት ለስላሳ ስለሆነ ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል፣ ቶሎም ይሳላል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መኪና ሲበዛ ደግሞ አዲስ ማዕድን ተገኘ፦ ባሌስትራ። የተሰበረ የጭነት መኪና ባሌስትራ እሳት ውስጥ ገብቶ ሲቀላ፣ ተቀጥቅጦ ሲሳሳ፣ ከዚያም ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከር ከዱሮው ብረት እጅግ የጠነከረ ስለት ይወጣዋል። ነክሮ መተው ግን አይበቃም፤ እንደገና በመጠኑ ካልሞቀ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ይህችን "በመጠኑ" የምትለውን ጠይቡ በቴርሞሜትር አይለካትም። ብረቱ ላይ የሚሮጠውን ቀለም፣ ገለባ መስሎ ወደ ቡናማ ሲሄድ፣ አይቶ ያውቃታል። ትምህርት ቤት ብናስተምረው ስንት ሴሚስተር ይፈጅ ነበር?

ለመሰብሰብ ለሚያስብ ሰው አንድ ሁለት ነገር ልናገር። አጥንትን ከፕላስቲክ የሚለየው ነጠብጣቡ ነው። በጊዜው ደም የተመላለሰባቸው ቀዳዳዎች ጠቁረው እንደ በርበሬ ፍሬ ቅንጣት ይታያሉ። ቀንድ ይህ የለውም፤ እሱ እንደ ጥፍር ንብርብር ነው፣ ሲሞቅም ስለሚለዝብ እንደ ልብ ይታጠፋል። አጥንት አይታጠፍም። ተቀቅሎ ስቡ ካልወጣለት ይሸታል፣ ይበልዛል። ፀሐይ ላይ ካዋላችሁት ይሰነጠቃል፤ ውሃ ውስጥ ካሳደራችሁትም እንዲሁ። ቢጫነቱን አትፈግፍጉት፤ ያ የስንት ዓመት እጅና ቅቤ ነው። "የዝሆን ጥርስ ነው" ያላችሁን ሻጭ አመስግናችሁ ሂዱ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ ያቃጠለው ለጌጥ አይደለም።

ወደ ሠሪው ልምጣ። በምዕራብ ሸዋ ብረት ቀጥቃጩ ቱምቱ ይባላል፤ በአማርኛው ጠይብ። ሁለቱም ቃላት በሰው አፍ ስድብ ሆነው ኖረዋል። ግን ምን ማለት ናቸው? ጠይብ "ጠቢብ" ከሚለው ግዕዝ የወጣ ነው፤ ብልህ፣ ባለ ጥበብ ማለት። ቱምቱ ደግሞ በኦሮምኛ "ቱሙ" ከሚለው ግስ ይመጣል፤ መቀጥቀጥ ነው። የገዳ ጉባኤ ሕግ ሲያወጣም የሚነገረው በዚሁ ግስ ነው፦ "ሴራ ቱሙ" ይላሉ፣ ሕግ መቀጥቀጥ እንደ ማለት። አያችሁ ነገሩን? አንዱ ቋንቋ ብረት ሠሪውን ጠቢብ ብሎ ሰየመው፤ ሌላው ሕግ አውጪውን በብረት ሠሪው ግስ ጠራው። ከዚያ ሁለቱም ሕዝብ ተስማምቶ "ቡዳ ነው፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል" ብሎ ልጁን አላገባም አለ። በብዙ ነገር ያልተስማማን ሰዎች በዚህ እንዴት ተስማማን?

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ጸሐፊውን በሥራው የሚሰድብ ሰው አንድ ዓመት እንዲታሰር አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ግሩም ነበር። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ሲደነግግ ጠይብ ነህ አይደለህም የሚል ጥያቄ አላስገባም። ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የሚጨበጥ ነገር ነበረው። ሆኖም አዋጅ እርሻ ላይ ይደርሳል እንጂ ጓዳ አይገባም። ጓዳው ውስጥ ያለው ጋብቻ ነው።

ጋብቻ ሲነሳ ደግሞ ሌላ አጥንት አለ። በአማርኛ አጥንት ዘር ነው። ሙሽራ ሲታጭ "አጥንቱ ምንድን ነው?" ይባላል፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከብቱን አርደን አጥንቱን ለጠይቡ እንሰጣለን፤ እሱ አለስልሶ፣ ቀርጾ፣ ኪሳችን ውስጥ ይመልስልናል። ከዚያ የእሱን አጥንት እንቆጥራለን።

በእያንዳንዱ ቢላዋዬ ላይ ትንሽ ካርቶን አስሬበታለሁ። የት እንደገዛሁት፣ ስለቱ ከምን እንደሆነ፣ እጀታው አጥንት ይሁን ቀንድ ጽፌበታለሁ። የመጨረሻው መስመር "ሠሪው" ይላል፤ በአብዛኞቹ ላይ ባዶ ነው። ሻጮቹ የቢላዋውን የቀድሞ ባለቤት ማዕረግና ያረደውን በሬ ቁጥር ሳይቀር ይነግሩኛል። የሠሪውን ስም ስጠይቅ ግን "ቱምቱ ነው" ይሉና ወሬው እዚያው ያልቃል።

ለዚህ ነው አንድ ቀን ካርቶኑን ሁሉ ሸክፌ ከጊንጪ ወዲያ ባለች አነስተኛ ከተማ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ዘንድ የሄድኩት። ወናፋቸው አሁንም ይሠራል። "ኦቦ፣ እስቲ እነዚህን ይዩልኝ" አልኳቸው። ቢላዋ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥምና ድንጋዩ ላይ ደረደርኩላቸው።

አንዱን አነሱ። "ይሄ የእኛ ሰው ሥራ ነው።"

"በምን አወቁ?"

"ሚስማሩን እየው እንጂ ልጄ። የፋብሪካ ቢሆን ራሱ እኩል ይሆን ነበር። ይሄ በመዶሻ ቀስ እየተባለ ነው የተደፈጠጠው።"

ወሬያችን ቀጠለ። ለሠርግ የሚታረደውን በሬ ካራ የሚስሉት እሳቸው ናቸው። "ሠርጉ ላይ የምቀመጠው ግን ከደጅ ነው" አሉኝ፤ ከዚያ አሰብ አደረጉና "ነበር ልበል፤ አሁን ተሻሽሏል።" ልጃቸው አስተማሪ ናት። አብሯት የሚያስተምር ልጅ ሊያገባት ፈልጎ ሽማግሌ ሊላክ ሲል፣ የልጁ ቤተሰብ አጠያየቀ፤ ነገሩ እዚያው ቀረ። "ዲግሪ አላት" አሉኝ። "አጥንት ግን ሰርተፍኬት አያይም።" ይህን ሲናገሩ አልተቆጡም፤ ወናፉን እየነፉ ነበር።

ከያዝኳቸው ውስጥ የአራቱን ሠሪዎች በስም ነገሩኝና ጻፍኩ። አራተኛውን ሲያነሱ ከፈቱት፣ አጠፉት፣ እንደገና ከፈቱት። "ይሄስ አባቴ ነው" አሉ። ስማቸውን ከነአያታቸው አስጻፉኝ። ከዚያም እጀታው ላልቷል ብለው ሚስማሯን ሁለቴ በመዶሻ መቱልኝና 50 ብር ተቀበሉኝ።